ለሳሎን የሚታጠብ ምንጣፍ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች

የእኛ አገር ሳሎን ሥራው ብዙ ነው። ልጆች ያጠኑበታል፣ ቡና ይፈላበታል፣ እንግዳ ያድርበታል። በረመዳን ቤተሰብ ተሰብስቦ ያፈጥርበታል፤ በገናና በፋሲካ ዶሮ ወጥ ይቀርብበታል። ክረምት ላይ ከጫማ ጋር የሚገባው ጭቃም አለ። ስለዚህ የሚታጠብ ምንጣፍ መምረጥ ትክክለኛ ሐሳብ ነው። ችግሩ ሱቅ ስንገባ ይጀምራል። ሁላችንም «ይታጠባል ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። «ይደርቃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በተለይ ደሴ ላይ ብዙ ምንጣፍ የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

የሚደርቅበትን ቦታና ወቅት ሳያስቡ መግዛት

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል። ፀሐይ ብቅ ብትልም ብዙም ሳትቆይ ዝናቡ ይመጣል። በልግ ከጣለ ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያም አያስተማምኑም። በዚህ አየር ወፍራም ምንጣፍ ቢታጠብ ላዩ ይደርቅና ሥሩ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። በእጅ ሲዳስሱት የደረቀ ይመስላል። ሳሎን ከተነጠፈ በኋላ ግን የሻገተ ሽታ ማምጣት ይጀምራል። ሻጋታ አንዴ ጀርባው ውስጥ ከገባ ደግሞ እንደገና ማጠቡ ብዙ አይረዳም፤ እንዲያውም እንደገና ያረጥበዋል።

ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርደው ሲደርሱ ነገሩ ሌላ ነው። ከፍታው 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ይሞቃል። በበጋ ጠዋት የታጠበ ስስ ምንጣፍ ማታ ሊነጠፍ ይችላል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ያለች እህትዎ «እኔ ጋ በጣም ጥሩ ነው» ያለችዎት ምንጣፍ ደሴ ላይ ላይሆን ይችላል። ኮምቦልቻ የሚያስቸግረው አቧራውና ፀሐዩ ነው። ኃይለኛ ፀሐይ ቀለም ያደበዝዛል፤ የጀርባውንም ላስቲክ ያደርቀዋል። ኮምቦልቻ ላይ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ማስጣት ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ይለዩታል? ምንጣፉን ወደ ኋላ አጠፍ ያድርጉትና ፀጉሩ የተተከለበትን ሥር ይዩ። የፀጉሩ ቁመት ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ረጅም ፀጉር ያለው ምንጣፍ ሲረግጡት ይመቻል፤ ግን የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ውሃና አቧራ ሥሩ ድረስ ያስገባል። ሥራ ለሚበዛበት ሳሎን አልመክርም።

ከዚያ ከምን እንደተሠራ ይጠይቁ። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ክር ውሃ አይመጥም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል። ፖሊስተርም ለዚህ ቅርብ ነው። ሁለቱም ዘይት ከፈሰሰባቸው ግን ቶሎ ካልተጠረገ ይይዛሉ። ጥጥ ለእግር ደስ ይላል፣ ነገር ግን ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ስስ ሆኖ ጠፍጣፋ የተሸመነው ለኮምቦልቻ ይሆናል። ሐር የመሰለ የሚያብረቀርቅ ምንጣፍ ካዩ ቪስኮስ መሆን አለመሆኑን ያጣሩ። ቪስኮስ ውሃ ሲነካው ክሩ ይደክማል፤ ሲደርቅም ምልክት ይተዋል። የሱፍ ምንጣፍ ጥሩ ዕቃ ነው። ነገር ግን በሙቅ ውሃ እየታሸ ከታጠበ ይኮማተራል፤ ሲረጥብም በጣም ይከብዳል። ሰው ለማይበዛበት ክፍል ይሁን።

አንድ ትልቅ ምንጣፍ ብቻ መግዛት

ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር ምንጣፍ ስድስት ካሬ ነው። አንዱ ካሬ ሁለት ኪሎ ቢመዝን ደረቁ ብቻ 12 ኪሎ ይሆናል። ብዙ ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን 7 ወይም 8 ኪሎ የሚችል ነው፤ ይህ ቁጥር ደግሞ የደረቅ ልብስ ክብደት ነው። ስለዚህ «በማሽን ይታጠባል» የተባለ ምንጣፍ የእርስዎ ማሽን ውስጥ ላይገባ ይችላል። በእጅ እንጠበው ካሉ ደግሞ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሳምንቱን ውሃ ለምንጣፍ ማዋል ነው። ውሃ የጠጣውን ምንጣፍ ገመድ ላይ ለማውጣት ሁለት ጎልማሳ ያስፈልጋል።

የእኔ ምክር ሁለት መካከለኛ ምንጣፍ ነው። ተመሳሳይ ከሆኑ ጎን ለጎን ተነጥፈው ሳሎኑን ይሸፍናሉ። አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይቀመጣል። ቡና የፈሰሰበትን ብቻ ማንሳትም ይቻላል። ሰኞ ገበያም ሆነ ፒያሳ ሲገዙ ሁለቱን በአንድ ቀን ይውሰዱ፤ በኋላ ያው ዓይነት ላይገኝ ይችላል።

ጀርባውን ሳይገለብጡ መክፈል

ፊቱ ያማረ ምንጣፍ ጀርባው ደካማ ሊሆን ይችላል። በሙጫ የተለጠፈ ጀርባ በተደጋጋሚ ሲታጠብ ይላቀቃል። ላቫጆ የሚወስዱት ከሆነ ደግሞ በኃይል የሚረጨው ውሃ ይህን ያፋጥነዋል። በጣትዎ ፈተግ ያድርጉት። ዱቄት ከረገፈ ይተዉት።

የቤትዎን ወለልም ያስቡ። ሴራሚክ ወይም ሊሾ ላይ ጀርባው ለስላሳ የሆነ ምንጣፍ ያንሸራትታል፤ ለልጆችና ለአረጋውያን አደጋ ነው። ከሥሩ የሚነጠፍ መረብ የመሰለ የማያንሸራትት ላስቲክ ይግዙለት። ወለልዎ በፕላስቲክ ምንጣፍ የተሸፈነ ከሆነ ግን ጎማ ጀርባ ያለውን አይምረጡ። ጎማው ከፕላስቲኩ ጋር ሲቆይ ቢጫ ምልክት ይተዋል፤ ያ ምልክት ደግሞ በሳሙና አይለቅም።

ምልክቱን ሳያነቡ ሻጩን ብቻ ማመን

ሻጩ «ችግር የለውም፣ ይታጠባል» ሊል ይችላል። ጥግ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ይፈልጉ። የውሃ ሳፋ ሥዕል ውስጥ እጅ ካለ በእጅ ይታጠባል። ሳፋው ውስጥ 30 ከተጻፈ የውሃው ሙቀት ከ30 ዲግሪ እንዳይበልጥ ነው። ሳፋው ላይ የኤክስ ምልክት ካለ አይታጠብም። ሦስት ማዕዘን ላይ ኤክስ ካለ በረኪና አይነካም። ምልክቱ ጭራሽ ከሌለ «በማሽን ነው በእጅ? በሙቅ ነው በቀዝቃዛ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከተምታታ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ሞኬት አስቆርጦ ጠርዙን መተው

ከጥቅል በካሬ የሚቆረጥ ሞኬት ዋጋው ቀለል ስለሚል ብዙ ሰው ይወስደዋል። ጠርዙ ካልተዘመዘመ ግን ሲታጠብ ክሩ ይተረተራል። ከመንጠፍዎ በፊት ያዘምዝሙት።

ቡናውን መርሳት

ይህ ለእኛ ቤት የተለየ ነገር ነው። ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ከምድጃው አንዲት ፍም ብትወድቅ የቀለጠ ጥቁር ጠባሳ ትተዋለች፤ ይህን ምንም ዓይነት እጥበት አያወጣውም። ሱፍ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ያርራል እንጂ አይቀልጥም። ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ከገዙ የቡናውን ቦታ ከምንጣፉ ውጪ ያድርጉት። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ከምድጃውና ከማጨሻው ሥር ሰፋ ያለ የሴራሚክ ቁራጭ ያስቀምጡ። እርጥብ ቄጠማም ምንጣፍ ላይ ከተጎዘጎዘና ከተረገጠ አረንጓዴ ቀለም ይተዋል። ወለሉ ላይ ይጎዝጉዙት።

ቀለሙን በሱቅ መብራት መምረጥ

ነጭና ክሬም ምንጣፍ በርበሬ ያለበት ወጥ ለሚቀርብበት ቤት አይሆንም። ጥቁሩ ደግሞ የኮምቦልቻን አቧራ በአንድ ቀን ያሳያል። መሃል ላይ ያለ ቀለም፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ጥበብ ነገር ያለበት ይሻላል። ደጅ አውጥተው በቀን ብርሃን ይዩት። ነጭ ጨርቅ ውሃ ነክረው በደማቁ ቀለም ላይ ጠበቅ አድርገው ይሹት። ጨርቁ ከቀለመ ምንጣፉ በመጀመሪያው እጥበት ቀለም ይለቃል ማለት ነውና አይግዙት።