ኒኮን ኤፍ3 ካሜራን በሐረር ጁገል ብርሃን እንዴት መጠቀም ይቻላል

ኒኮን ኤፍ3 እ.ኤ.አ. በ1980 ለገበያ ቀርቦ እስከ 2001 ድረስ ሲመረት የቆየ፣ ውጫዊ ቅርጹን ጣሊያናዊው ጆርጄቶ ጁጃሮ የነደፈው የባለሙያዎች የፊልም ካሜራ ነው። በጁገል፣ ማለትም በቅጥር በተከበበችው አሮጌዋ ሐረር፣ ጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ አንደኛው ግድግዳ በፀሐይ ሲያንጸባርቅ ማዶው ጥላ ስለሚሆን፣ የካሜራው የብርሃን መለኪያ የትኛውን እንደሚያይ ሳያውቁ ማንሣት ፊልም ማባከን ነው።

አስቀድመው ባትሪውን ይፈትሹ። በካሜራው ሥር ያለውን ክዳን በሳንቲም ፈትተው ሁለት ኤልአር44 ወይም ኤስአር44 ባትሪዎች ያስገቡና ማብሪያውን ይክፈቱ። የማንሻውን ቁልፍ በከፊል ሲጫኑ በመመልከቻው ውስጥ ቁጥር ይታያል፤ ጣትዎን ካነሡ በኋላ ቁጥሩ ለ16 ሰከንድ ያህል ከቆየ ባትሪው ደህና ነው፣ ወዲያው ከጠፋ ግን ሊያልቅ ተቃርቧል።

ፊልሙን ጥላ ውስጥ ሆነው ይግጠሙ። በግራ በኩል ያለውን የፊልም መመለሻ፣ አጠገቡ ያለችውን መቆለፊያ እየገፉ ወደ ላይ ሲስቡት የጀርባው በር ይከፈታል። የፊልሙን ጫፍ በቀኝ በኩል ባለው መጠቅለያ ስንጥቅ ውስጥ አስገብተው፣ ጥርሶቹ የፊልሙን ቀዳዳዎች መያዛቸውን ካዩ በኋላ በሩን ይዝጉ። ቆጣሪው 1 እስኪያሳይ ድረስ ፊልሙን ሲያሳልፉ መመለሻው አብሮ መዞር አለበት፤ ካልዞረ ፊልሙ ስላልያዘ እንደገና ከፍቶ ማስተካከል ይሻላል። ከዚያም የፊልሙን አይኤስኦ (ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት የሚያመለክተውን ቁጥር) በግራው መደወያ ላይ ይሙሉ። ለጁገል ቀትር 100 ይበቃል፤ ጥላና ደጃፍ ለሚያዘወትር ሰው ግን 400ን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የሹተሩን (ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባውን መዝጊያ) የፍጥነት መደወያ በ«ኤ» ላይ ካደረጉት እርስዎ በሌንሱ ላይ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያልፍበትን ቀዳዳ ስፋት) ይመርጣሉ፣ ካሜራው ደግሞ ከ8 ሰከንድ እስከ 1/2000 ሰከንድ ባለው ክልል ውስጥ ተስማሚውን ፍጥነት ራሱ ይወስናል። መለኪያው ከውሳኔው 80 በመቶውን የሚሰጠው በመመልከቻው መካከል ላለው የ12 ሚሊሜትር ክብ ነው፤ በክቡ ውስጥ ያለውንም ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ክቡ በኖራ የተቀባ ግድግዳ ላይ ካረፈ ግድግዳው ግራጫ ይወጣል፣ በአጠገቡ የቆመው ሰውም ይጨልማል። መኪና ግርግር በተባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሚሰፋ ልብስ ሰፊን ለማንሣት ካሰቡ፣ አስቀድመው ካስፈቀዱ በኋላ ክቡን በእርሱ ላይ ወይም በእርሱ ላይ ያረፈው ብርሃን ባረፈበት የመንገዱ ድንጋይ ላይ ያሳርፉ። ከዚያም በካሜራው ፊት፣ ከሌንሱ አጠገብ ያለውን የልኬት መያዣ ቁልፍ በቀኝ እጅዎ ጣት ተጭነው እንደያዙ ምስሉን እንደሚፈልጉት አቀናብረው ያንሡ። ፎቶውን ከማንሣትዎ በፊት ቁልፉን ከለቀቁት ልኬቱ ይጠፋል። ግድግዳው ራሱ ምስልዎ ከሆነ ግን በማካካሻው (ካሜራው የወሰነውን ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ) ላይ +1 መጨመር ይበቃል።

መመልከቻው ፊልሙ ላይ የሚያርፈውን 100 በመቶ ስለሚያሳይ፣ በጠርዙ ላይ የሚያዩት የኤሌክትሪክ ሽቦ በፎቶውም ላይ ይኖራል። የመመልከቻው መብራት ቁልፍ ግን እጅግ ትንሽና የማይመች ነው፤ በጨለማ ቁጥሮቹን ለማንበብ መቸገርዎ አይቀርም። ጅብ ሲመገብ ለማየት ማታ ከቅጥሩ ውጭ ለሚወጣ ሰው ይህ ጉድለት ትንሽ አይደለም።

ባትሪው ድንገት ቢያልቅ በዚያው በፊት በኩል ያለው መካኒካዊ ማንሻ ሹተሩን በ1/60 ሰከንድ አካባቢ ይከፍተዋል። በዚህ ጊዜ መለኪያ ስለማይኖር በአይኤስኦ 100 ፊልም ለሙሉ ፀሐይ አፐርቸር 16ን፣ ለብሩህ ጥላ 5.6ን ይያዙ። (ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 በዚችው ከተማ ፎቶ ሲያነሣ በካሜራ ውስጥ የሚገጠም የብርሃን መለኪያ ገና አልነበረም።)

ፊልሙ ሲያልቅ የማሳለፊያውን ክንድ በኃይል አይግፉ። በካሜራው ሥር ያለችውን የመልቀቂያ ቁልፍ ተጭነው፣ መመለሻውን በቀስቱ አቅጣጫ ውጥረቱ እስኪላላ ድረስ ያዙሩና በሩን ይክፈቱ። ለማሳጠብ ወደ ድሬዳዋ የሚወርዱ ከሆነ በቆላው ሙቀት በቆመ መኪና ውስጥ ፊልም አይተዉ፤ ሙቀት ያልታጠበ ፊልምን ቀለም ያዛባል።