ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት፦ በከተማው ዳርቻ ቦታ ሲገዛ የሚሠሩ ስህተቶች

ሱሉልታም ይሁን ገላን፣ ቡራዩም ይሁን ለገጣፎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከደላላ ጋር ቦታ ሲያይ የሚውል ሰው አይጠፋም። አጎቴም አንድ ሰሞን እንዲሁ ነበር። 200 ካሬ ገዛሁ ብሎ በግ አርዶ ጋበዘን። ዛሬ የቀረው አንድ ወረቀት ነው። ስድስት ምስክር ፈርሞበታል፤ ማኅተም የለውም። ከዚያ ወዲህ ሰው «ቦታ ልገዛ ነው» ሲለኝ ዝም ማለት አልችልም።

የመጀመሪያው ስህተት «መሬት ገዛሁ» ብሎ ማሰብ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከተማ ውስጥ የሚሸጠው ቤቱና ከቤቱ ጋር የሚተላለፈው የይዞታ ወይም የሊዝ መብት ነው። የቃላት ጨዋታ ይመስላል፤ አይደለም። የገበሬ ማሳ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ገበሬው በመሬቱ ይጠቀማል፣ ያወርሳል፣ በሕጉ ልክ ያከራያል። መሸጥ ግን አይችልም።

ደላሎቹ ይህን ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ ሽያጩን ሌላ ልብስ ያለብሱታል። «የብድር ውል እንጻፍ» ይላሉ፤ ገበሬው ይህን ያህል ብር ተበድሬ ማሳዬን ሰጥቻለሁ ብሎ ይፈርማል። አንዳንዴ ስጦታ ይባላል፣ አንዳንዴ የረጅም ጊዜ ኪራይ። አጎቴ የፈረመው የብድሩን ነው። ሻጩ ሲሞት ልጆቹ ከሰሱት። ዳኛው የሚያየው የውሉን ርዕስ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ምን እንዳለ ነው። ሕግ የከለከለውን ነገር የያዘ ውል ይፈርሳል። ሲፈርስ መሬቱ ለባለይዞታው፣ ብሩ ለገዢው ይመለሳል። ፍትሐዊ ይመስላል አይደል? ችግሩ የሚመለሰው ያኔ የተከፈለው ብር ነው። ያኔ ቤት ያሠራ የነበረ ገንዘብ ዛሬ የግቢ በር ላያሠራ ይችላል።

«መብራት ገብቷል፣ ግብርም ይከፈላል፤ ምን ያስፈራዎታል?» ሲሉዎትም አይዘናጉ። ቆጣሪው የሚመሰክረው መብራት መጠቀምዎን ብቻ ነው። የግብር ደረሰኝም ብቻውን ካርታን አይተካም። በ2011 ለገጣፎ ላይ ቤት ሲፈርስ «ግብር እንከፍል ነበር» ያሉ ነዋሪዎች ነበሩ።

ካርታ አለ ቢባልም ፎቶ ኮፒ አይቶ ማመን ሌላው ስህተት ነው። ካርታውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ሄደው ዕዳና እገዳ እንደሌለው ያጣሩ። መጀመሪያ ግን ቢሮው የትኛው እንደሆነ ይወቁ። አዲስ አበባና ኦሮሚያ በ2014 መጨረሻ ላይ ወሰን ተካልለዋል፤ በ2015 ደግሞ በዙሪያው ያሉት ከተሞች ሸገር ከተማ በሚል ተዋቀሩ። የድሮ ልማድ ይዘው የተሳሳተ ቢሮ ተሰልፈው የሚውሉ አሉ።

ባል ብቻውን የፈረመውን ውል አይቀበሉ፤ ሚስትም ብቻዋን የፈረመችውን። የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ያልፈረመው ወገን ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ውሉ ይፍረስልኝ ማለት ይችላል። «አላገባሁም» የሚል ሻጭ ማስረጃ ያምጣ። ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም።

በውክልና ብቻ መግዛትም አለ። ሻጩ ስም ሳያዛውር ውክልና ሰጥቶዎት ይሄዳል። ወካዩ ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተም በመርህ ደረጃ ውክልናው አብሮት ይቀራል። ያኔ ከወራሾች ጋር ነው ጉዳይዎ። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት። የመንደር ውል ስንት ሽማግሌ ቢፈርምበት ያንን አይሆንም።

በመጨረሻ፣ ሕጋዊ ይዞታ ኖሮዎት ጎረቤት አጥር ሲገፋ ዝም አይበሉ። እኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ፤ «ሽማግሌ ይየው» እየተባለ ዓመት ያልፋል። ሁከት ይወገድልኝ የሚባለው ክስ ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ 2 ዓመት ካለፈው በይርጋ ይታገዳል። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ቀኑን ግን ጽፈው ይያዙ፣ አጥሩንም ፎቶ ያንሱት።