ግንባታን የሚያፋጥን የንብረት ታክስ ተመላሽ፦ ለአዲስ አበባ ዳርቻ ሐሳብ እንዴት ይቀረጻል

በለሚ ኩራ፣ በአቃቂ ቃሊቲና በሌሎችም የአዲስ አበባ ዳርቻ ክፍለ ከተሞች በቆርቆሮ ታጥረው ለዓመታት ሣር የሚታጨድባቸው ቦታዎችና ሶሌታቸው ተሞልቶ ፌሮአቸው ዝጎ የቆሙ ጅምር ቤቶች ማየት የተለመደ ነው። ባለይዞታዎቹ ግንባታ እንዲጀምሩ ወይም የጀመሩትን እንዲጨርሱ ለማድረግ ከሚቀርቡት ሐሳቦች አንዱ፣ ቤቱን በጊዜው ሠርቶ ለጨረሰ ሰው ከሚከፍለው የንብረት ታክስ ላይ ለተወሰኑ ዓመታት ከፊሉን መመለስ ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ሐሳብ ለከተማ አስተዳደሩ ማቅረብ ለሚፈልጉ የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ኮሚቴዎች፣ ለወረዳ ምክር ቤት አባላትና በመስኩ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ረቂቁ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያስረዳል።

በቅድሚያ ቃሉን ማጥራት ያስፈልጋል። ከታክስ ነፃ መደረግ፣ ቅናሽና ተመላሽ በዕለት ንግግር ይቀያየራሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ነፃ የተደረገ ሰው ምንም አይከፍልም፤ ቅናሽ ያገኘ ሰው ከመጀመሪያው ያነሰ ይከፍላል፤ ተመላሽ የተፈቀደለት ሰው ግን ሙሉውን በጊዜው ከፍሎ፣ ግዴታውን መፈጸሙ ከተረጋገጠ በኋላ ድርሻው ይመለስለታል። ከ3ቱ ለዚህ ዓላማ የሚሻለው ተመላሹ ነው፤ ምክንያቱም ቤቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በግብር መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ግምቱም ይታወቃል፤ የተመላሹ ዘመን ሲያበቃም ባለቤቱን አዲስ ግብር ከፋይ አድርጎ መፈለግ አያስፈልግም።

ሐሳቡን በሕግ ደንግገው ለረጅም ጊዜ ከሠሩበት መካከል በአሜሪካ የምትገኘው የካንሳስ ግዛት ትጠቀሳለች። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕጓ ከተሞችና ካውንቲ የሚባሉት የአካባቢ አስተዳደሮች ወሰኑ የታወቀ ሥፍራ ለይተው፣ በዚያ ለሚገነባ ወይም አሮጌ ቤቱን ለሚያድስ ሰው በግንባታው ምክንያት የጨመረውን ታክስ እንዲመልሱ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ አስተዳደሩ ዝም ብሎ ተመላሽ ማወጅ አይችልም። ዕቅዱ የሥፍራውን ወሰን፣ የመሬቱንና የቤቱን ግምት ለየብቻ፣ ብቁ የሚያደርጉ መስፈርቶችን፣ የማመልከቻውን ሥርዓት፣ የተመላሹን ከፍተኛ መጠንና የዓመታቱን ቁጥር መያዝ ይኖርበታል፤ ከመጽደቁም በፊት ሕዝብ አስተያየት ይሰጥበታል። ከዚህ ልምድ ለእኛ የሚጠቅመው ይህ አሠራር እንጂ የተመላሹ መቶኛ አይደለም፤ ምክንያቱን ሒሳቡ ይገልጸዋል።

እንግዲህ የኮሚቴው የመጀመሪያ ሥራ ስሌት ነው። ሕዝቡ የጣራና ግድግዳ እያለ የሚጠራው ግብር መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 80/1968 ሲሆን፣ የቤቱን ዓመታዊ የኪራይ ግምት መነሻ ያደርግ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017 ግን የንብረቱን የገበያ ዋጋ ወይም የመተኪያ ዋጋ፣ ማለትም ተመሳሳዩን ዛሬ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ወጪ፣ ይይዝና ታክሱን በዚያ ዋጋ 25 በመቶ ላይ ይጥላል። ምጣኔው ለመሬት የመጠቀም መብት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ ለሕንፃ ደግሞ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ነው። በዚህ ወለልና ጣሪያ መካከል ያለውን የመወሰን ሥልጣን የተሰጠው ለክልሎችና ለከተማ አስተዳደሮቹ በመሆኑ፣ የሐሳቡ አድራሻ ፌዴራል መንግሥቱ ሳይሆን ከተማው ነው። ቦታው በሸገር ከተማ ክልል ውስጥ ከሆነ ግን አድራሻው ወደ ኦሮሚያ ክልል ይዞራል፤ በዳርቻው አካባቢ ሁለቱ ከተሞች እጅግ ተጠጋግተው ስለሚገኙ ይህንን አስቀድሞ በካርታው ማረጋገጥ ትርፍ ድካም አይደለም።

አሁን 4,000,000 ብር የሚገመት አንድ መኖሪያ ቤት እንውሰድ። ታክስ የሚጣልበት ዋጋ 1,000,000 ብር ይሆናል። በዝቅተኛው ምጣኔ ባለቤቱ በዓመት 1,000 ብር፣ በከፍተኛው 10,000 ብር ይከፍላል። ሙሉው ለ10 ዓመት ቢመለስለት እንኳ የሚያገኘው በዝቅተኛው 10,000፣ በከፍተኛው 100,000 ብር ነው፤ ይህም ከቤቱ ዋጋ ቢበዛ 2.5 በመቶ ማለት ነው። በካንሳስ የመኖሪያ ቤት ታክስ የሚሰላው በግምቱ 11.5 በመቶ ላይ ሲሆን፣ ከዚሁ 11.5 በመቶ ላይ በየ1,000 ዶላሩ 150 ዶላር በሚጥል ካውንቲ ውስጥ 200,000 ዶላር የተገመተ ቤት በዓመት 3,450 ዶላር ይከፈልበታል። በ10 ዓመት 34,500 ዶላር ይሆናል፤ ከቤቱ ዋጋ 17 በመቶ ያህሉ መሆኑ ነው። የቤት ሠሪን ልብ የሚያነሣሣ ገንዘብ ይህ ነው። የእኛው 10,000 ብር ግን ማንንም ወደ መሠረት ቁፋሮ አያስገባም፤ ይህንን ሳያሰሉ «ተመላሽ ይሰጠን» ብሎ ለምክር ቤት መቅረብ ጥያቄውን ከጅምሩ ክብደት ያሳጣዋል።

ስለዚህ ረቂቁ የሚያተኩርበት ነገር ሌላ መሆን አለበት፤ እርሱም በመሬቱና በሕንፃው ምጣኔ መካከል ያለው ሚዛን ነው። 3,000,000 ብር የሚገመት የመሬት መብትና ቀደም ሲል ያየነውን ቤት አንድ ላይ እንያዝ። የመሬቱ ታክስ የሚጣልበት ዋጋ 750,000 ብር ነው። ከተማው ለመሬት 0.2 በመቶ፣ ለሕንፃ 1 በመቶ ቢወስን፣ ቦታውን አጥሮ ያስቀመጠ ሰው 1,500 ብር ከፍሎ ሲያርፍ፣ አጠገቡ ቤት የሠራው ጎረቤቱ 11,500 ብር ይከፍላል፤ የሠራ ተቀጣ ማለት ነው። በተቃራኒው ለመሬት 0.8፣ ለሕንፃ 0.1 በመቶ ቢሆን፣ አጥሮ ያስቀመጠው 6,000፣ የሠራው 7,000 ብር ይከፍላሉ። በዚህኛው አሠራር ተመላሽ የሚባል ነገር ሳይኖር መሬቱን ያለ ሥራ ማቆየት ዋጋ ያስከፍላል፣ መሥራትም እምብዛም አያስቀጣም። በእኔ ግምት ኮሚቴው ጊዜውን ሁሉ በተመላሹ ዓመታት ላይ ከሚያጠፋ በመሬትና በሕንፃ ምጣኔ ሠንጠረዥ ላይ ቢደክም ይሻላል። የመሬቱ ምጣኔ ከፍ ሲል ግን አቅም ያጣ ጡረተኛ ወይም ከልጆቿ ጋር በአንዲት ክፍል ሠርቪስ የምትኖር እናት እንዳይጎዱ፣ ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበትን ይዞታ የሚመለከት የተለየ አንቀጽ በረቂቁ ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

ተመላሽ ትርጉም ያለው ገንዘብ የሚሆነው በትልልቅ ሕንፃዎች ላይ ነው። 60,000,000 ብር የሚገመት ጂ ፕላስ 4 የኪራይ መኖሪያ ሕንፃ በ0.5 በመቶ ቢሰላ በዓመት 75,000፣ በ5 ዓመት 375,000 ብር ይሆናል። በመሆኑም ተመላሹ ለማን ይሰጥ የሚለውን በጥንቃቄ መወሰን ይገባል። በዳርቻው የጎደለው የሚከራይ መኖሪያ ከሆነ ለእርሱ፣ የጎደለው ክሊኒክና ትምህርት ቤት ከሆነ ለእነርሱ ይሰጥ። ለሁሉም ይሰጥ የሚል ረቂቅ ግን በመጨረሻ ያለ ተመላሹም ይሠሩ የነበሩትን ሰዎች ከመጥቀም አያልፍም።

ተመላሹ የሚታሰበው ግንባታው በጨመረው ዋጋ ላይ ብቻ መሆኑ በማያሻማ ቋንቋ ይጻፍ። ይህም ከግንባታው በፊት የነበረውን ግምት መነሻ አድርጎ መመዝገብን ይጠይቃል፤ መነሻው ካልተመዘገበ ጭማሪውን የሚያሳይ ነገር የለም። ስለዚህ አመልካቹ ማመልከቻውን የሚያስገባው ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት፣ የግንባታ ፈቃዱን በሚጠይቅበት ሰሞን ይሁን። ቤቱ ካለቀ በኋላ የመጣ ሰው ተመላሽ አያግኝ፤ ለሠራው ቤት ተመላሹ ምክንያት እንዳልሆነ መዘግየቱ ራሱ ይመሰክርበታል። ይህ ጨካኝ አንቀጽ ይመስላል፣ ነገር ግን እርሱ ከሌለ ገንዘቡ ወደ ኋላ እየተመለሰ ያለቁ ቤቶችን ሲያሳድድ ይኖራል።

የጊዜ ገደቡ ከሊዝ ውሉ ጋር መጣጣም አለበት። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ሲወጣ ለአነስተኛ ግንባታ 24፣ ለመካከለኛ 36፣ ለከፍተኛ 48 ወራት ማጠናቀቂያ አስቀምጦ፣ ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ እንዳያንስ፣ በቀሪው ላይም ወለድ እንዲታሰብ ደንግጓል። በእያንዳንዱ ሰው ላይ የሚጸናው በእጁ ባለው ውል ላይ የሰፈረው ቀን በመሆኑ፣ ረቂቁ «በውሉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ የተጠናቀቀ ግንባታ» የሚል ሐረግ ቢይዝ ይበቃዋል። ከዚህ የተለየ ሌላ ቀን መጨመር ባለይዞታውን በሁለት የተለያዩ የጊዜ ገደቦች መካከል ማስቀመጥ ነው። በሊዝ ያልተያዙ ነባር ይዞታዎች እንዲህ ያለ ውል ስለሌላቸው ግን የግንባታ ፈቃዱ ከተሰጠበት ቀን የሚቆጠር ገደብ ይበጅላቸው።

የሥፍራው ወሰን የረቂቁ አከራካሪ ክፍል መሆኑ አይቀርም። በካንሳስ ገጠር ተመላሹ የተፈለገው ሰው እየቀነሰ በሄደባቸው ትንንሽ ከተሞች አዲስ ቤት የሚሠራ በመጥፋቱ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ ያለው ሁኔታ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ሰው እየጎረፈ፣ የአርሶ አደሩ የጤፍ ማሳ እየተቆረሰ የሚሄድበት አካባቢ ነው። ስለዚህ ወሰኑ መንገድ፣ ውኃና መብራት የደረሰባቸውንና በውስጣቸው ባዶ ቦታ የቀረባቸውን ሠፈሮች ብቻ ያቅፍ። ያልተነካ እርሻ በወሰኑ ውስጥ ከገባ ተመላሹ ለግንባታ ሳይሆን ለማፈናቀል ማበረታቻ ይሆናል፤ አስተዳደሩም በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የሚከፍለው ካሣ ከተመላሹ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ስለ አከፋፈሉ ረቂቁ 2 ነገሮችን ይወስን። አንደኛው፣ ውዝፍ ያለበት ወይም በዘመኑ ታክሱን ያላጠናቀቀ ሰው የዚያን ዓመት ተመላሽ እንዲያጣ ነው። ሁለተኛው፣ ተመላሹ በጥሬ ገንዘብ ከመከፈል ይልቅ በሚቀጥለው ዓመት ሒሳብ ላይ እንዲቀናነስ ነው፤ ወደ መንግሥት ካዝና የገባ ገንዘብ ለማስመለስ ምን ያህል ደጅ እንደሚያስጠና የሞከረ ሰው ያውቀዋል። ቤቱ በተመላሹ ዘመን ቢሸጥ ቀሪው ዓመት ለገዢው ይተላለፍ ወይስ ይቋረጥ የሚለውም ተጽፎ ይቀመጥ፤ እንዲተላለፍ ማድረጉ ይሻላል፣ ምክንያቱም ጥቅሙ የተፈቀደው ለሰውየው ሳይሆን ለተሠራው ቤት ነው።

ማኅበሩ ሰነድ በሚያደራጅበት ጊዜ የእያንዳንዱን አባል የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ የሊዝ ውል፣ የግንባታ ፈቃድና የቅርብ ጊዜ የግብር ደረሰኝ ቅጂ በአንድ አቃፊ ያኑር። እኔ በአባልነት የነበርሁበት አንድ ማኅበር ለአንድ መሥሪያ ቤት ያስገባው ሙሉ ፋይል በመጥፋቱ ሥራው ከ7 ወር በላይ ዘግይቷል፤ እኛን ያወጣን በገቢ ማህተም የተመታ ቅጂ በጸሐፊዋ እጅ መገኘቱ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማህተም ያልተመታበት ቅጂ ለእኔ እንዳልገባ ነው የሚቆጠረው።

ረቂቁ ከ6 ወይም ከ7 ገጽ ባይበልጥ መልካም ነው። የሥፍራው ካርታ ከፊት፣ የባዶና የጅምር ይዞታዎች ቆጠራ ከሥሩ፣ ቀጥሎ የምጣኔው ሠንጠረዥ በ3 አማራጭ፣ ከዚያም አንቀጾቹ ይቀመጡ። ቆጠራውን ማኅበሩ ራሱ በእግሩ ዞሮ ቢሠራው ከማናቸውም ጥቅስ የበለጠ ክብደት ይኖረዋል፦ በዚህ ቀጠና ይህን ያህል ቦታ ታጥሮ ተቀምጧል፣ ይህን ያህል ቤት በጅምር ቆሟል፣ ከእነዚህ መካከል ይህን ያህሉ መብራት አጠገባቸው አለ የሚል። ከተመላሹ የተነሣ አስተዳደሩ በየዓመቱ የሚያጣው ገቢና የተመላሹ ዘመን ሲያልቅ የሚያገኘው ገቢም ጎን ለጎን ይታይ፤ የፋይናንስ ባለሙያው መጀመሪያ የሚገልጠው ይህንን ገጽ ነው።

የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 በመሆኑ፣ በግንቦት የገባ ረቂቅ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት አይደርስም። በጠቅላላ ጉባኤ ጸድቆ ቃለ ጉባኤው የተያያዘበት ረቂቅ በጥር ወይም በየካቲት በወረዳው በኩል ለክፍለ ከተማው ይግባ፤ አንድ ቅጂ በቀጥታ ለከተማው ፋይናንስ ቢሮ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ አካባቢውን ለሚወክሉት የከተማ ምክር ቤት አባላት ይሰጥ፤ በሦስቱም ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ይጻፍ።