ለባህላዊ ቀስት የእንጨት ፍላጻ አመራረጥ

በባህላዊ ቀስት መለማመድ የጀመረ ሰው ቀስቱን ካገኘ በኋላ ፍላጻው ከምን ቢሠራ ይሻላል ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የካርቦን ፍላጻ ቀጥ ያለ፣ ቀላልና አንዱ ከሌላው እምብዛም የማይለያይ በመሆኑ፣ ማነጣጠሪያ በተገጠመለት ቀስት 70 ሜትር ርቀት ላይ ለሚወዳደር የኦሎምፒክ ቀስተኛ ተመራጭነቱ አያከራክርም። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ግን ማነጣጠሪያ የሌለውን፣ ከእንጨት ብቻ ወይም ከእንጨትና ከፋይበርግላስ ተነባብሮ የተሠራ ቀስት ይዞ በቅርብ ርቀት የሚለማመደውን ሰው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀስተኛ፣ በተለይም ኑሮው ባሕር ዳር ወይም በጣና ዙሪያ ከሆነ፣ የእንጨት ፍላጻ እንዲይዝ እመክራለሁ፤ ምክንያቶቼም ከአሮጌ ነገር ፍቅር ጋር ግንኙነት የላቸውም።

ዋናው ጉዳይ ክብደት ነው። አውታሩ ሲለቀቅ በቀስቱ ክንፎች (ከእጀታው በላይና በታች ባሉት ተጣጣፊ ክፍሎች) ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል ወደ ፍላጻው መተላለፍ አለበት። ፍላጻው ከመጠን በላይ ቀላል ከሆነ የኃይሉ ከፊል እዚያው ቀስቱ ውስጥ ይቀርና እጀታውን ያንቀጠቅጣል፣ ድምፅ ያሰማል፣ ውሎ አድሮም ክንፎቹን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ፍላጻ ሳይደግኑ አውታሩን ገትሮ መልቀቅ ቀስት የሚሰብረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለባህላዊ ቀስት የሚስማማው የፍላጻ ክብደት ለእያንዳንዱ ኪሎ የመሳቢያ ኃይል ከ1.1 እስከ 1.4 ግራም ገደማ ነው፤ ስለዚህ 18 ኪሎ ኃይል የሚጠይቅ ቀስት ከ20 እስከ 25 ግራም የሚመዝን ፍላጻ ይፈልጋል። እንጨት ያለ ብዙ ድካም እዚህ ክብደት ላይ ይደርሳል፤ ካርቦን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከበድ ያለ ጫፍ ወይም ውስጡ የሚገባ ተጨማሪ ክብደት ያሻዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ለአካባቢያችን የቀረበ ስለሆነ በሰፊው ማንሳት እወዳለሁ። በጣና ዳርቻ ያለው ሜዳ የግጦሽና የአጨዳ ሜዳ ነው። ዒላማውን ስቶ ሣር ውስጥ የገባ ፍላጻ ሁልጊዜ አይገኝም፤ የተሰበረ የካርቦን ዘንግ ደግሞ እንደ መርፌ ወደ ቀጫጭን ስንጣሪዎች ይለወጣል፣ አይበሰብስም፣ ከታጨደው ሣር ጋር ተቀላቅሎም ከብት ሊበላው ይችላል። የእንጨቱ ዘንግ በጊዜው ይበሰብሳል። የብረት ጫፉ ግን ይቀራልና በእንጨት መጠቀም ፍለጋውን አያስቀርም፤ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ። ለቀስተኛው እጅም ቢሆን ልዩነት አለ። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያለበት የካርቦን ፍላጻ በሚለቀቅበት ቅጽበት ተሰብሮ እጅ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ሁልጊዜ እያጎበጡ መመርመር ግድ ነው። እንጨትም ከዚህ አደጋ ነጻ አይደለም፤ ሆኖም ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ በዓይንና በጥፍር ይገኛል።

በውድድር በኩል አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም አቀፉ የቀስት ፌዴሬሽን፣ ዎርልድ አርቸሪ፣ በመስክና በስሪ-ዲ (የእንስሳት ቅርጽ ባላቸው ዒላማዎች በሚደረጉ) ውድድሮች ሎንግቦው፣ ማለትም ረጅም ቀስት፣ በተባለው ምድብ የሚፈቅደው የእንጨት ዘንግና የተፈጥሮ ላባ ብቻ ነው። ወደዚያ የሚያስብ ሰው ከጅምሩ በእንጨት ቢለማመድ ይሻለዋል።

ፍላጻ ከመምረጥዎ በፊት ቀስቱን ይለኩ። ቀስቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር 28 ኢንች፣ ማለትም 71 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ሲሳብ ያለውን ኃይል የሚያመለክት ስለሆነ፣ ክንድዎ አጭር ወይም ረጅም ከሆነ የእርስዎ ቁጥር ሌላ ነው። እህል የሚመዘንበትን ተንጠልጣይ ሚዛን አውታሩ ላይ ሰክተው፣ አገጭዎ ዘንድ እስከሚያደርሱበት ርቀት ድረስ ቀስ ብለው በመሳብ ኪሎውን ያንብቡ። የፍላጻው ርዝመት ከዚህ የመሳቢያ ርቀት ቢያንስ በ2.5 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት፤ ያጠረ ፍላጻ ሲሳብ ጫፉ ከእጀታው ወደ ውስጥ ሊገባና እጅ ሊወጋ ይችላል።

ስለ እንጨቱ ዓይነት ብዙ ይወራል። በዓለም ገበያ የታወቀው የፖርት ኦርፎርድ ሴዳር ዘንግ የሚገኘው በአሜሪካ፣ በደቡብ ምዕራብ ኦሪገንና በሰሜን ምዕራብ ካሊፎርኒያ ከሚበቅል ዛፍ ነው፤ በ1545 እ.ኤ.አ. ሰጥማ በ1982 እ.ኤ.አ. ከባሕር ከወጣችው ሜሪ ሮዝ ከተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ የተገኙት ፍላጾች ደግሞ በአብዛኛው ከፖፕላር የተሠሩ ነበሩ። ይህም ለፍላጻ የሚሆነው እንጨት አንድ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል። ከእኛዎቹ መካከል ጽድ ጅማቱ ቀጥ ያለና ለመላግ የሚመች ነው፤ ቶሎ የመሰንጠቅ ጠባይ ግን አለው። ዝግባ ለስላሳና ጉጥ የማይበዛበት ስለሆነ ለጀማሪ እርሱን አስቀድማለሁ። ወይራ ከባድ ስለሆነ፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ ጅማቱ ስለሚጠማዘዝና ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ አልመክራቸውም። በሐይቁ ዳር የሞላው ሸምበቆ ፍላጻ አይወጣውም ማለት አይደለም፤ የጥንት ግብፃውያን በሸምበቆ ዘንግ ላይ ጠንካራ እንጨት ከፊት እየሰኩ ይጠቀሙበት ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱን ሸምበቆ ከሌላው ጋር ማመሳሰል ልምድ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ለዚህ ሲባል ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም፤ በዘጌም ሆነ በደሴቶቹ ገዳማት ዙሪያ የቀሩት አገር በቀል ዛፎች ጭራሽ የሚነኩ አይደሉም። ከሁሉ የሚሻለው ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የጽድ ወራጅ ወይም አናጺ ቤት የተረፈ የዝግባ ቁራጭ ነው፤ ለዓመታት የደረቀ እንጨት ተመልሶ የመጣመም ዕድሉ አነስተኛ ነው። ቁራጩን በመጋዝ ከመሰንጠቅ ይልቅ በመጥረቢያ ጅማቱን ተከትለው ይፍለጡት፤ ቀጥ ብሎ ካልተፈለጠ ቀጥ ያለ ፍላጻ አይወጣውም። ከዚያ አራት ማዕዘን፣ ቀጥሎም ስምንት ማዕዘን እያደረጉ በመላጊያ ይላጉትና በብርጭቆ ወረቀት ያክቡት። ለመካከለኛ ቀስት 8.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት የተለመደ ነው። የተዘጋጀውን ዘንግ ብርሃን ላይ ይዘው የጅማቱን መስመሮች በዓይን ይከተሉ፤ መስመሩ ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ መሐል ላይ በጎን የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ጉጥ ካለበት፣ ምንም ያህል ቢያምር ያስወግዱት። ሲለቀቅ የሚሰበረው እዚያ ቦታ ላይ ነው።

አሁን ብዙዎች ወደሚዘሉት ሥራ እንመጣለን፤ ግትርነትን መለካት። በባህላዊ ቀስት ፍላጻው የሚያርፈው በእጀታው ጎን ስለሆነ፣ አውታሩ ወደ መሐል ሲመለስ ፍላጻው እጀታውን ለመዞር ጎበጥ ብሎ ከዚያ መቃናት አለበት። የላላ ዘንግ ከመጠን በላይ ይጎብጣል፤ የገተረ ዘንግ ደግሞ አይዞርም፣ እጀታውን ገጭቶ ወደ ጎን ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ከአንድ ጣውላ የወጡ ዘንጎች እንኳ አንድ በአንድ መለካት አለባቸው። በ66 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሁለት ድጋፎችን ያቁሙ፤ ዘንጉን አጋድመው መሐሉ ላይ 907 ግራም የሚመዝን ነገር፣ ለምሳሌ በሚዛን የተስተካከለ የውኃ ጠርሙስ፣ ያንጠልጥሉ፤ መሐሉ ስንት ሚሊ ሜትር ዝቅ እንዳለም ይለኩ። 660ን ለዚያ ቁጥር ሲያካፍሉ ዘንጉ የሚስማማውን የቀስት ኃይል በፓውንድ ያገኛሉ። 16.5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያለ ዘንግ 40 ፓውንድ፣ ማለትም 18 ኪሎ ያህል ለሚጠይቅ ቀስት የሚሆን ነው። ይህ ስሌት 28 ኢንች ርዝመት ላለው ፍላጻ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር 5 ፓውንድ የበለጠ ግትር ዘንግ ይምረጡ። እጀታው ሰፊ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ላላ ያለው ይሻላል። በአንድ ሰገባ የሚገቡት ፍላጾች በግትርነት ከ5 ፓውንድ፣ በክብደትም ከግማሽ ግራም ብዙ ባይራራቁ መልካም ነው።

አውታሩ የሚገባበትን ስንጥቅ ሲቆርጡ የእንጨቱን የእድገት ቀለበቶች አቋርጦ እንዲሄድ ያድርጉ፤ ከቀለበቶቹ ጋር ትይዩ ከሆነ አውታሩ ዘንጉን ይፈልጠዋል። እንዲህ ሲቆረጥ በጣም ግትር የሆነው ጎን እጀታውን ይነካል፤ ግትርነቱንም መለካት ያለብዎት በዚሁ ጎን ነው። ላባን በተመለከተ፣ ፍላጻው እጀታውን እየታከከ ስለሚያልፍ የፕላስቲክ ክንፍ አይሆንም፤ ገጭቶ ፍላጻውን ያዛባዋል፣ ላባ ግን ይተኛለታል። ሦስቱም ላባዎች ከአንድ ወገን ክንፍ፣ ወይ ከቀኝ ወይ ከግራ፣ የተወሰዱ ይሁኑ። የቱርክ ዶሮ ላባ ምርጥ ነው፤ የዝይም ያገለግላል። የሐይቁን ወፎች ለላባ ብሎ ማደን ግን ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በተመዘገበው ጣና ላይ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

የቀረው ክረምቱ ነው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይላላል፣ ይጣመማል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የባሕር ዳር አየር ደግሞ ለዚህ ይመቻል። ስለዚህ ዘንግ የማዘጋጀትና የመለካት ሥራዎን በበጋ ይጨርሱ፤ ቫርኒሹን አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ሳስ እያደረጉ ይደጋግሙ፤ ሁለቱንም ጫፎች አይርሱ፣ ውኃ በብዛት የሚገባው በእነርሱ ነውና። ፍላጾቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ማቆም ያጎብጣቸዋል፤ አግድመው ያስቀምጧቸው። ተጣሞ የተገኘውን በከሰል ምድጃ ላይ ከፍ አድርገው፣ እጅ እስኪፈጀው ድረስ ብቻ አሙቀው፣ ወደ ተቃራኒው ጎን ጎበጥ አድርገው እስኪቀዘቅዝ ይያዙት፤ ከዚያ መስታወት ላይ እያንከባለሉ ይፈትሹት። ድንጋይ የመታ ፍላጻ ግን ቢቃናም አይታመንም፤ ከጫፉ በስተኋላ ባለው ሥፍራ ጥፍርዎን እየጎተቱ ስንጥቅ ይፈልጉ፤ ካገኙ ለሁለት ሰብረው ለማገዶ ያድርጉት።