ጨፌን መልሶ ማልማት፦ ከስብሰባው እስከ ዶቅማው

እንደ ጅማው ቦዬ ያለ ጨፌ (ረግረጋማ መሬት) ሲጎዳ ሁሉም ወደ ችግኝ ይሮጣል። ቅድሚያ ግን ከብት የሚያሰማራው፣ ለጡብ ጭቃ የሚቆፍረው፣ ለበዓል ቄጠማ አጭዶ የሚሸጠው ሰው ይሰብሰብ። ጅማ ሐሙስ ገበያ፣ ዓርብ ጁምዓ ነው፤ በሌላ ቀን፣ በዕድር በኩል ጥሯቸው።

ስብሰባው እዚያው ጨፌ ዳር ይሁን። ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ በቁመታቸው ጎናቸውን ቅደዱና ክዳናቸውን አውልቃችሁ አጋድሟቸው፣ አፋቸው ትንሽ ዘንበል ይበል። አንዱ ውስጥ ሣር ከነሥሩ፣ ሌላው ውስጥ ባዶ አፈር ይግባ። እኩል ውኃ አፍስሱና የሚወጣውን በብርጭቆ ተቀበሉ። የባዶው አፈር ቶሎ ይወርዳል፣ ደፍርሶም ነው። ከአንድ ሰዓት ንግግር ይልቅ ይሄ ያሳምናል። ከዚያ ግጦሽ ቀርቶ ሣር በተራ እየታጨደ እንዲወሰድ ተስማሙ፤ ቅጣቱን ራሳቸው ይወስኑ።

ውኃ የሚተኛበት ላይ ዛፍ አትትከሉ። እዚያ ቦታው የቄጠማና የደንገል ነው፦ ከነሥሩ ነቅሎ መከፋፈል፣ ቅጠሉን 20 ሳ.ሜ. አስቀርቶ መቁረጥ፣ በ50 ሳ.ሜ. ርቀት መትከል። የተቆረጠው አናት ውኃ ውስጥ ከሰጠመ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ውኃው ሲጎድል፣ ዝናቡ ሳይከብድ ይሠራ።

ዳርቻው ላይ ዶቅማ ይሁን፤ ባህር ዛፍ የጨፌውን ውኃ ይመጥጠዋል። የዶቅማ ዘር ከደረቀ አይበቅልም፦ ጠቁሮ የበሰለውን ፍሬ ለቅሞ፣ ሥጋውን አጥቦ፣ ፀሐይ ሳያስነኩ በጥቂት ቀናት ውስጥ መዝራት ነው። የሚዘራበት ፕላስቲክ ከረጢት አፈር 3 እጅ የደን አፈር፣ 2 እጅ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ። ከተከላው አንድ ወር በፊት ጥላውንም ውኃውንም ቀስ በቀስ ቀንሱ፤ አለበለዚያ ሜዳ ላይ ይደነግጣል።

ችግኙ 30 ሳ.ሜ. ሲያልፍ፣ በሐምሌ፣ 40 ሳ.ሜ. በ40 ሳ.ሜ. ጉድጓድ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሜትር አራርቆ መትከል ነው። ፕላስቲኩ በምላጭ ተሰንጥቆ ይውጣ፣ ከሥር የተጠቀለለው ሥር ይቆረጥ። በዘመቻ ቀን ተቻኩሎ ከነፕላስቲኩ የሚቀበር ስንት ችግኝ አለ!

በመስከረም ዙሪያውን አርሙና የሞተውን ነቅላችሁ እዩ። ጫፉ የተቀነጠሰ ከሆነ ከብት ገብቷል፤ ወደ ዕድሩ ተመለሱ። ሥሩ ጠቁሮ ከሸተተ ውኃ በዝቶበታል፤ በቦታው ቄጠማ ይግባ። ሥሩ ተጠቅልሎ ከቀረ ፕላስቲኩ አልወጣም፤ በሚቀጥለው ሐምሌ ተካዩን የሚያይ ሰው ይመደብ።