«ብዋና ዴቪል»ን በስሪዲ ልታዩ ነው? መጀመሪያ መነጽሩን አጣሩ

ቀይና ሰማያዊ የካርቶን መነጽር ለመግዛት ኪሳችሁ ከገባችሁ፣ ቆይ። እኔ ተሸውጄበታለሁ። አንሶላ ሰቅዬ፣ ፈንዲሻ አፈንድቼ፣ ቤተሰቡን ሰብስቤ መጨረሻ ላይ ያየነው ብዥታ ብቻ ነው።

ይህ የአርክ ኦቦለር ፊልም በ1952 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ላይ ሲከፈት ተመልካቹ ያደረገው ግራጫ ፖላራይዝድ (ብርሃንን በሚርገበገብበት አቅጣጫ የሚለይ) መነጽር ነበር። ሁለት ፕሮጀክተሮች እኩል እየሄዱ አንዱ የግራ ዓይንን፣ ሌላው የቀኝ ዓይንን ምስል እላዩ ላይ ይደርባሉ፤ መነጽሩ ደግሞ ለየዓይኑ የራሱን ብቻ ያሳልፋል። አንሶላና የተቀባ ግድግዳ ብርሃኑን ስለሚያምሱት አይሆኑም። ብርማ ስክሪን ይፈልጋል።

እቤት ያለውን መነጽር ለመለየት መስታወት ፊት ቁሙና አድርጉት። አንድ ዓይን ጨፍኑ። በተገለጠው ዓይናችሁ በኩል ያለው ሌንስ ጥቁር ሆኖ ከታያችሁ የዘንድሮ ሲኒማ ቤቶች ዓይነት ነው፤ ባትሪ በሌለው መነጽር የሚሠራ ስሪዲ ቲቪ ካላችሁ ይሆናችኋል። የጠቆረው የተጨፈነው በኩል ከሆነ ግን የ1952ቱ ዓይነት ነው፣ እሱን አድርጋችሁ አንገታችሁን ዘንበል ካደረጋችሁ ምስሉ ወዲያው ሁለት ይሆናል።

ቲቪው ከሌለ በጣም ርካሹ መንገድ ስልክ የሚከተትበት የካርቶን ማያ ነው። ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን የተቀመጡበት ቅጂ ፈልጉ። ተራ ቅጂ ከሆነ ምንም ዓይነት መነጽር ብታደርጉ ጠፍጣፋ ነው፣ አትልፉ። ጦር ወደ እናንተ ሲወረወር ከፊታችሁ መምጣት ሲገባው ከሰዎቹ ኋላ የገባ ከመሰላችሁ ግራና ቀኙ ተቀያይሯል፤ ከማጫወቻው ቅንብር ላይ መልሱት።

ድራማው እንኳን ብዙም አይደለም። ታሪኩ ግን በ1898 ዛሬ ኬንያ በምንላት አገር፣ ጻቮ ላይ፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ከድንኳናቸው እየጎተቱ ከበሉት ሁለት አንበሶች የመጣ ነው። ወንዶች ነበሩ፣ ግን ጎፈር የላቸውም። ቆዳቸው ተሞልቶ ዛሬም ቺካጎ፣ ፊልድ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ፊልሙን ከመክፈታችሁ በፊት ፎቷቸውን ፈልጋችሁ ለልጆቹ አሳዩ፣ ከዚያ መብራቱን አጥፉ።