አሮጌ የሱፐርሂሮ ኮሚክ እጅዎ ሲገባ፦ ከመለካት እስከ መሸጥ

ከውጭ ከመጣ ዘመድ ሻንጣ፣ ከአያት ሣጥን ወይም ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ክምር ውስጥ ሱፐርማን ወይም ስፓይደርማን ያለበት የጠወለገ መጽሔት ብቅ ሲል ሁለት ጥያቄ ይነሳል፤ እውነተኛ ነው? ዋጋስ ያወጣል? ለመጀመሪያው መልስ ማስመሪያ፣ የእጅ ባትሪና ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ከሁሉ በፊት እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ነጭ ወረቀት አንጥፈው መጽሔቱን እሱ ላይ ያስቀምጡት፤ ከ90 ዲግሪ በላይ አይዘርጉት። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሚፈለገው የትኛው ነው?

ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አያመጣም። ሰብሳቢዎች የሚሻሙት አንድ ጀግና ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ያለበትን ዕትም ነው፤ ሱፐርማን በአክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 (ጁን 1938)፣ ባትማን በዲቴክቲቭ ኮሚክስ ቁጥር 27 (ሜይ 1939)፣ ካፒቴን አሜሪካ በራሱ ስም በወጣው ቁጥር 1 (ማርች 1941)፣ ስፓይደርማን በአሜዚንግ ፋንታሲ ቁጥር 15 (ኦገስት 1962)። አክሽን ቁጥር 1 ሲወጣ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። በ2014 አንድ ቅጂ 3.2 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2024 ሌላ ቅጂ 6 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ወደ 200,000 ቅጂ ታትሞ የተረፈው መቶ ገደማ እንደሆነ ይገመታል።

ቀሪው የት ገባ? ልጆች አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሮጌ ወረቀት ሲሰበሰብ በክምር ሄደ፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኮሚክ ልጅ ያበላሻል ተብሎ በአንዳንድ የአሜሪካ ከተሞች አደባባይ ላይ ተቃጠለ። ወረቀቱም የጋዜጣ ወረቀት ነው። ከእንጨቱ የቀረው ሊግኒን ብርሃንና አየር ሲያገኘው አሲድ እየፈጠረ ያጠቁረዋል፣ ያደርቀዋል። በጣና ገዳማት ያለው ብራና ለዘመናት ሲቆይ ይህኛው በአንድ ሰው ዕድሜ ይሰባበራል።

ብርቅነትም ቢሆን ፈላጊ ከሌለው ገንዘብ አይሆንም። ከአክሽን ቁጥር 1 ያነሰ ቅጂ የቀራቸው የ1940ዎቹ የእንስሳት ቀልድ ኮሚኮች አሉ፤ ዋጋቸው ግን አጠገቡም አይደርስ። በተቃራኒው በ1991 የወጣው ኤክስ-ሜን ቁጥር 1 ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ታትሟል፤ ገዢው ሁሉ ወደፊት ይወደዳል ብሎ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ስላስቀመጠው ተራው ቅጂ ዛሬም ጥቂት ዶላር ነው። ሽፋኑ ላይ «ቁጥር 1» ስላዩ አይደንግጡ።

እውነቱን ለመነጋገር እዚህ ባሕር ዳር ላይ የ1938 ዕትም የመገኘት ዕድሉ የመነመነ ነው። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ግን ይቻላል። የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ወደ ኢትዮጵያ መግባት የጀመሩት በ1962፣ ልክ ስፓይደርማን በወጣበት ዓመት ነው። በዚያ ዘመን ሽፋን ላይ 12 ሳንቲም፣ ከ1969 ጀምሮ 15 ሳንቲምና ከዚያ በላይ ይጠብቁ። የእንግሊዝ ዋጋ፣ ለምሳሌ 9 ፔኒ፣ ያለበትን የማርቭል (የስፓይደርማን አሳታሚ) ዕትም ካገኙ ሐሰተኛ ነው ብለው አይጣሉት፤ እዚያው አሜሪካ፣ በዚያው ማተሚያ፣ ዋጋው ብቻ ተቀይሮ የታተመ ነው። ገበያ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሳንቲም ዋጋ ከታተመበት ቅጂ ይረክሳል።

መለየት

መጀመሪያ ይለኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር ስለሚለጠጥ የብረት ማስመሪያ ይሻላል። ከ1938 እስከ 1941 የወጣ ኮሚክ ወደ 19.7 በ26.7 ሳንቲሜትር፣ የ1960ዎቹ ወደ 18 በ26፣ የዛሬው ወደ 17 በ26 ነው፤ የጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ያለ ነው። ትልቁ ወጥመድ የ1974ቱ ነው። አሳታሚው ዲሲ አክሽን ቁጥር 1ን በትልቅ ቅርጽ፣ ወደ 25 በ34 ሳንቲሜትር፣ ደግሞ አሳተመው። ከላይ የተደረበውን ሽፋን አንድ ሰው ከገነጠለው ከሥሩ የሚወጣው ሌላ ሽፋን «ጁን 1938፣ 10 ሳንቲም» ይላል፤ ማስታወቂያዎቹ ሳይቀሩ የድሮዎቹ ናቸው። የስልክ ፎቶ ይህን አይለይም። ስለዚህ በቴሌግራም የሚገዙ ከሆነ ሻጩ መጽሔቱን ኤ4 ወረቀት ላይ አስቀምጦ እንዲያነሳው ይጠይቁ፤ በዋናው ቅጂ ዙሪያ ነጭ ይተርፋል፣ የ1974ቱ ወረቀቱን ይውጠዋል።

ቀጥሎ የፊት ሽፋኑን ውስጠኛ ገጽና የመጀመሪያውን ገጽ ግርጌ ያንብቡ። በደቃቅ ፊደል አሳታሚ፣ አድራሻ፣ ወርና ዓመት አለ። ከሽፋኑ ጋር ካልገጠመ ድጋሚ ሕትመት ነው። አሜዚንግ ስፓይደርማን ቁጥር 1 ሆኖ ሽፋኑ ላይ ዋጋ ከሌለው በ1966 ከሸክላ ጋር የተሸጠው ቅጂ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ዋጋ አለው፣ ግን ከ1963ቱ ጋር አይወዳደርም። ግራንድ ኮሚክስ ዳታቤዝ የተባለው ነፃ ድረ ገጽ የየዕትሙን ሽፋንና ይዘት ስለያዘ እሱን ከፍተው ጎን ለጎን ያመሳክሩ።

ገጽ ይቁጠሩ። አክሽን ቁጥር 1 ከሽፋኑ ውጭ 64፣ የተለመደው የ1960ዎቹ ኮሚክ 32 ነው። መሐሉ ላይ ያለው ድርብ ገጽ ሳይታወቅ ወልቆ መጥፋቱ የተለመደ ነው። በ1974 እና 1975 ማርቭል አንባቢ ቆርጦ የሚያወጣው ቴምብር ያትም ነበር። ዎልቨሪን የታየበት ኢንክሬዲብል ሃልክ ቁጥር 181 ቴምብሩ ከተቆረጠ ዋጋው ክፉኛ ይወርዳል።

ሱቆች የብር ኖት የሚፈትሹበት ሐምራዊ መብራት እዚህም ያገለግላል። በጨለማ ክፍል ሲያበሩበት ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ካበራ ማንጪያ የገባበት ነው፤ ይህ ማንጪያ በወረቀት ላይ የተለመደው ከ1950 ገደማ ወዲህ ስለሆነ የ1938 ኮሚክ እንዲህ ሊያበራ አይገባም። አለማብራቱ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም።

አሁን መሐል ገጹን ገልጠው ሁለቱን የስቴፕለር ሽቦዎች በባትሪ ይዩ። ጤነኛው ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው። ሐይቅ ዳር የከረመው ግን በሽቦው ዙሪያ ብርቱካናማ ቀለበት ይሠራል፤ ቀለበቱ ወደ ወረቀቱ ይሰርግና ቀዳዳውን እንደ ብስኩት ያፈረፍረዋል፤ በመጨረሻ ሽፋኑ ከሽቦው ይላቀቃል። ቀዳዳው ዝጎ ሽቦው የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሰው ለውጦታል ማለት ነው። የቀኝ ጠርዝ መሸራረፍ ግን በድሮ ማርቭሎች የሚታይ የማተሚያ ቤት ምላጭ ጉድለት ስለሆነ በደካማ አያያዝ አያሳብቡት።

አይጠግኑት

ከ2000 ጀምሮ የሚሠራው ሲጂሲ የተባለው የአሜሪካ ደረጃ መዳቢ ድርጅት ኮሚክን ከ0.5 እስከ 10 ነጥብ ሰጥቶ በፕላስቲክ ያሽጋል፤ ተነካክቶ «የታደሰው» ሐምራዊ መለያ ይለጠፍበታልና ገዢ ይሸሸዋል። ፕላስተር ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ቢጫ ጠባሳ ይተዋል። በእስክሪብቶ ወይም በማርከር ነጣ ያለውን ማጥቆር፣ በኮላ መለጠፍ፣ ላሚኔት ማስደረግ ሁሉ ኪሳራ ነው። ከሁሉ የከፋው ጠራዥ ቤት መውሰድ ነው፤ ጠራዥ ለሥራው ልማድ ሲል ሦስቱንም ጠርዝ አስተካክሎ ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠው ደግሞ አይመለስም። አቧራ ካለው በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ከስቴፕለሩ በኩል ወደ ውጭ ጠረግ ያድርጉት፣ በቃ።

ጣና ዳር ማስቀመጥ

ኤድጋር ቸርች የተባለ ሰው ኮሎራዶ ውስጥ ያከማቸውና በ1977 የተሸጠው ስብስብ እስካሁን ከሁሉ የተመሰገነ ነው፤ በደረቅ አየር፣ በጨለማ፣ ጥብቅ ብሎ ስለተደረደረ ነው። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ሙቀቱ ያን ያህል አያስቸግርም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት ግን ያስቸግራል። የሚፈለገው ከ40 እስከ 50 በመቶ ነው። ከ65 ካለፈ ሻጋታ ይመጣል፣ ከ30 በታች ከወረደ ወረቀቱ ይሰባበራል። ትንሽ ዲጂታል እርጥበት መለኪያ ሣጥኑ ውስጥ ይክተቱ።

ማይላር (ጥርት ያለ የፖሊስተር ፕላስቲክ) ከረጢት ከውጭ ማስመጣት ከቻሉ እሰየው። እስኪመጣ ድረስ ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት «ፒፒ» የሚል ምልክት ያለበትን የኤ4 ፋይል ፕላስቲክ ይግዙ፤ ከ1974ቱ ትልቅ ቅርጽ በቀር ሁሉም መጠን ይገባበታል። ለስለስ ያለና የሚሸት ፕላስቲክ ፒቪሲ ሊሆን ስለሚችል ይተዉት። ከኋላው አራት አምስት አዲስ ነጭ የፎቶኮፒ ወረቀት ያስደግፉ፤ የጋዜጣና ተራ ካርቶን አሲዱን ያጋባል። ፖስታዎቹን ክዳኑ በላስቲክ በሚገጥም የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አቁመው ይደርድሩ፤ ክፍተት ካለ ሸርተት ብለው ስለሚጎብጡ በሌላ ነገር ይሙሉት።

ለ20 ሊትር ሣጥን ከ200 እስከ 400 ግራም ሲሊካ ጄል በጨርቅ ከረጢት ያስገቡ። ቀለሙ ሲቀየር በ110 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ያድርቁት፤ ሰማያዊው ዓይነት መርዛማ ኮባልት ስላለው እንጀራም ዳቦም በሚጋገርበት ላይ አይሞክሩት። ሩዝ አያስገቡ፣ ነፍሳት ይጠራል። ናፍታሊንም ፕላስቲክ ያበላሻል። ሣጥኑ ከሲሚንቶ ወለል 20 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፣ ከውጭ ግድግዳ ይራቅ፣ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ቆጥ ላይ አይውጣ። የጭቃ ቤት ከሆነ የመደርደሪያውን እግር ለምስጥ በየሳምንቱ ይዩ።

ለመሸጥ

የፊትና የኋላ ሽፋኑን፣ የመጀመሪያውን ገጽ፣ መሐል ገጹንና ሁለቱን ሽቦዎች በቀን ብርሃን ያለ ፍላሽ ያንሱ፤ በአንዱ ፎቶ ላይ ማስመሪያ ይኑር። እንደ ሄሪቴጅ ያሉ የአሜሪካ አጫራቾች ፎቶ አይተው ያለ ክፍያ ግምት ይሰጣሉ። ግምቱ ጥቂት መቶ ዶላር ከሆነ የሲጂሲ ክፍያ፣ የመላኪያውና የመድን ወጪው ተደምሮ ትርፉን ስለሚበላው እዚሁ ለሰብሳቢ መሸጥ ይሻላል። ከፍ ያለ ከሆነ ኮሚሽኑንና የክፍያ ቀኑን በጽሑፍ ይቀበሉ። ሲልኩ መጽሔቱን በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል አጥብቀው፣ ከውጭ በፌስታል ጠቅልለው፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። «ግምቱን እንድሰጥህ መጀመሪያ የምዝገባ ላክ» ለሚል ሰው ግን ምንም አይላኩ።